ፍትሐተ ሶፋ

በአማርኛችን «ፈታ» የሚለው ግሥ የማይገባበት ጓዳ የለም፤ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ባልና ሚስት ይፋታሉ፣ ሙትንም ካህናት ዕጣን እያጠኑ ይፈቱታል። እኔም ለዘመድ ለወዳጁ ሕልም እየፈታሁ «ዐዋቂ» መባልን ስለ ለመድሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወደ ሌላ ኪራይ ቤት ለመዛወር በተነሣን ጊዜ፣ ኤል ሼፕ የሚሉትን ያን ግዙፍ ሶፋ ለመፍታት የሰው እርዳታ ያሻኛል ብዬ አላሰብሁም።

ሶፋው በረዥሙ ጎኑ 2 ሜትር ከ60፣ የቤቱ በር ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በገባበት ዕለት እኔ ሥራ ላይ ስለ ነበርሁ፣ አገባቡ ከምሥጢራት እንደ አንዱ ሆኖብኝ ኖሯል፤ ይባስ ብሎ ሁለቱ ክንፎቹ ከማእዘኑ ላይ መገጣጠሚያ እንኳ ሳይታይባቸው ተዋሕደዋል።

ስለዚህ ከጣልያን ከነስማቸው የወረስናቸውን ካቻቢቴና ፒንሳ ታጥቄ፣ ሶፋውን በጀርባው ገልብጬ፣ ሆዱን የሸፈነውን ጥቁር ጨርቅ የያዙትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቅዬ ስከፍተው፣ ብሎን ፍለጋ በሰደድሁት እጄ የወጣው ጓደኛ የሌለው ጉትቻ፣ እፍኝ የሚሞላ ቆሎ፣ እንዲሁም «ከቆሻሻ ጋር ጥለሽዋል» ብዬ ከባለቤቴ ጋር ሦስት ቀን የተኮራረፍንበት የቴሌቪዥን ሪሞት ነበረ። ሪሞቱን ተቀብላ ትክ ብላ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

እግሮቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእጅ ብጠመዝዛቸው ወጡልኝ፤ ይህም ድል ልቤን አስታበየው። ከዚያ በኋላ ግን ዳዶ የሚመስለውን ሁሉ እየፈታሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታገል፣ ከታች የአይሱዙው ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከጫኞቹም አንዱ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ሶፋው ለብቻው ነው የሚታሰበው፤ ወይስ በመጋዝ እናሳጥረው?» ይለኛል።

ይህን ጊዜ አማቴ፣ መቁጠሪያቸውን እንደ ያዙ፣ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው፦

«ልጄ፣ ያመጡት ልጆች እኮ ይኸኛውን አንሥተው በዚያኛው ላይ ነው ያወረዱት፤ እስቲ ወደ ላይ አንሣው» አሉኝ።

ለአክብሮት ያህል ሶፋውን መልሼ አቁሜ ክንፉን አነሣሁት። ክንፉ ያለ አንዳች ድምፅ ተለየ። ለካ በአንዱ ጎን ያለው የብረት መንጠቆ በሌላው ጎን ካለው ማቀፊያ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ከመሰካቱ በቀር፣ በመካከላቸው ብሎን የሚባል ፍጥረት አልነበረም። «እማማ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?» ብላቸው፣ «ጸሎት ላይ ነበርሁ፤ ደግሞም የምታውቀው መስሎኝ» አሉ።

በአዲሱ ቤት መንጠቆው በደቂቃ ገባ። ነገር ግን የድሮው ሳሎን ማእዘን በቀኝ ሲሆን የአዲሱ በግራ ነው፤ መንጠቆውም በአንድ ወገን ብቻ ስለ ተሠራ ክንፉን አዙሮ መግጠም አይቻልም። አሁን አጭሩ ክንፍ የመታጠቢያ ቤቱን በር እኩሌታ ዘግቶ ተንሰራፍቷል፤ ወደዚያ መግባት የሻ እንግዳም ጫማውን አውልቆ በላዩ ይሻገራል።