ከናይሮቢ ባለጸጋ እኩል

ድሆች ነን እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች የግብር ሰንጠረዡን አላነበቡም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የወር ደመወዙ ከ14,000 ብር ያለፈ ሰው በትርፉ ላይ 35 በመቶ ይከፍላል። የጎረቤታችን የኬንያ ከፍተኛ ምጣኔም 35 በመቶ ነው። እዚያ ግን የሚጀምረው በወር ከ800,000 ሽልንግ ማለትም ከ6,000 ዶላር በላይ ከሚያገኘው ላይ ነው፤ የእኛው 14,000 ብር ሕጉ ሲጸድቅ 100 ዶላር ገደማ ነበር። እንግዲህ በመርሳ ከተማ በባንክ ቅርንጫፍ የሚሠራው ተቀጣሪና የናይሮቢው የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ አንድ እርከን ላይ ተቀምጠዋል። በኑሮ ያልደረስንበትን በምጣኔ ደረስንበት፤ ያውም ያለ ፋብሪካ።

«ኬንያውያን እኮ ለመኖሪያ ቤትና ለጤናም ይቆረጥባቸዋል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነቱን ነው። መዋጮ ግን መዋጮ ነው፤ የባለጸጋነት ማዕረግ የሚሰጠው እርከኑ ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወሰኑን ከ14,000 ወደ 1,400 ብር ማውረድ ይበቃል፦ የመርሳ የሆቴል አስተናጋጅና የጥበቃ ሠራተኛ በአንድ ጀምበር ከናይሮቢ ከበርቴዎች ተርታ ይሰለፋሉ፤ ድሃ ሆኖ የሚቀረው ደመወዝ የሌለው ብቻ ይሆናል። ሐሳቡ የማይሞከር የሚመስለው ካለ ጉዞው መጀመሩን ይወቅ። በ2008 ዓ.ም. ሕግ ይኸው ወሰን 10,900 ብር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 500 ዶላር ገደማ። በ2017 ወደ 14,000 ብር ከፍ ሲል ወደ 100 ዶላር ወረደ።