ጠጅ ሳርና የቦራ ግት

አክስቴ መስከረም ላይ ደውለው የጠየቁኝ ስኳርም ልብስም አልነበረም። «ያን የጠጅ ሳር ዘይት ይዘህልኝ ና፤ ቦራን መዥገር ጨረሳት» ነው ያሉኝ። ላሟ ቦራ ገና መውለዷ ነው፤ ቤቱ የሚያድረው በእሷ ወተት ነው። መድኃኒት የሚሸጠው ሰው አይቨርሜክቲን ሊወጋላቸው ተሰናድቶ ነበር። ይህ መድኃኒት ወደ ወተት ስለሚያልፍ ወተቷ ለሚጠጣ ላም አይሰጥም። ይህን የነገራቸው ግን ሻጩ ሳይሆን ጎረቤት ነው። የሰውዬው ዝምታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ቤት ውስጥ ወተት የሚጠጡ ሕፃናት አሉ።

መራዊ ገጠር እንደደረስኩ መጀመሪያ ያየሁት የላሚቱን ግት ነው። ከኋላ ጡቶቿ መካከል፣ ቆዳው በሚሳሳበት ቦታ፣ መዥገሮች ተጣብቀው ተደርድረዋል። ወንዱ ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ጌጥ አለው፤ ባለሙያዎች አምብሊዮማ ቫሪጌተም ይሉታል። አፉ ረጅም ነው፤ ጠልቆ ይነክሳል፣ ሲነቀል ቁስል ይተዋል፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ጡቱ ይደፈናል። ቦራ አንድ ጡቷን ያጣችው እንዲህ ነው። ሴቷ ደግሞ ደም ጠግባ ስትወድቅ ሺህ በሺህ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። አንዷን ችላ ማለት የከርሞውን መንጋ መጥራት ነው።

ዘይቱን ያመጣሁት በጥቁር ጠርሙስ ነው። አወጣጡ ከአረቄ አወጣጥ ብዙ አይርቅም፤ እንፋሎት በሳሩ ውስጥ ያልፋል፣ በቀዘቀዘ ቧንቧ ሲወርድ ውሃ ይሆናል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ ትኩስ ሳር ግማሽ ሊትር ከተገኘ ደግ ነው። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ባሉ መዓዛማ ተክሎች ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ ሥራው ከዚህ የበለጠ ወደ ገበሬው በረት እንዲደርስ እመኛለሁ። መዥገር ከብት መቅረቡን የሚያውቀው በፊት እግሮቹ ጫፍ ባለው የማሽተቻ አካል ነው። የላሚቱን ትንፋሽ በዚያ ያሸታል፤ ኃይለኛ መዓዛም የሚያውከው እዚያው ላይ ነው።

አክስቴ ጥቂቱን በኑግ ዘይት አቅጥነው የቦራን እግርና የጭራዋን ሥር ቀቡ። በተረፈው ዘይት ዝንብ የሚበዛበትን የበረቱን ምሰሶና የጥጃውን ገመድ አሹ። ማታ የታለበው ወተት ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ሸተተ። ወተት ሽታ ቶሎ ይስባል፤ በወይራ የታጠነው ቅል እንኳ አልመለሰውም። አክስቴም ለቅቤ ሳያጠራቅሙት ለብቻው አስቀመጡት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥቂት ንቦች ምሰሶውን እየዞሩ ሲያሸቱት አየን። አደይ ሜዳውን የሸፈነበት ወቅት ነው፤ ንብ የትም አለ፤ ልብ አላልነውም። እኩለ ቀን ሲሆን ሰማዩ እምምም አለ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ መንጋ በረቱ ላይ ወርዶ ምሰሶውን አለበሰው፤ እላዩ ላይ የሚርመሰመስ ቡናማ እጀታ ያጠለቀ መሰለ። ጥጃው እዚያው ታስሮ ነበር። አፍንጫው ላይ ሲነደፍ ጮኸ፣ ቦራ ከውጭ መለሰችለት፤ የአጎቴ ልጅ ነጠላ ተከናንቦ ገብቶ ገመዱን ቆረጠ። ከዓይኑ በላይ ተነድፎ ፊቱ አብጦ ሰነበተ።

አጎቴ ከገበያ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆመው አየር አሸተቱ።

«ማነው ጠጅ ሳር የቀባ?»

«እኛ ነን ጋሼ፤ ለመዥገሩ ብለን።»

«እሱማ የንብ መጥሪያ ነው። እኔ ባዶ ቀፎ የማሸው በምን መሰለህ?»

ኩበት አጫጫሱ፤ በእበት የተለሰነ ቀፎ ከመንጋው በላይ አፉን ወደ ታች አድርገው አሰሩና ከሥር ጭሱን ለቀቁት። ንቦቹ ቀስ እያሉ ወደ ጨለማው ወጡ። አጎቴ አውራዋ ስትገባ ካዩ በኋላ ነው ፊታቸው የተፈታው።

ያን ቀን የገረመኝ የሳይንሱና የአጎቴ እውቀት መገጣጠም ነው። ሠራተኛ ንብ ጓደኞቿን ስትጠራ ሆዷ ጫፍ አካባቢ ካለ ዕጢ መዓዛ ትለቃለች፤ ከመዓዛው ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲትራል ነው። ከጠጅ ሳር ዘይት አብዛኛው ደግሞ ይኸው ሲትራል ነው። ለመዥገር «ሂድ» የሚለው ሽታ ለንብ «ና፣ ቤትህ እዚህ ነው» ይላል። እንግዲህ ከተክል የመጣ ሁሉ ገር ነው ብሎ በከብትና በሰው ላይ ማፍሰስ አያዋጣም። በተለይ ድመት ያለው ሰው ይጠንቀቅ፤ ጉበቷ ብዙዎቹን መዓዛማ ዘይቶች ማጣራት ስለማይችል ትመረዛለች።

ለመዥገሩ እኔ ተስፋ የማደርገው በጦስኝ ነው። የኛ ደጋ ጦስኝ ዘይት ታይሞልና ካርቫክሮል የበዛበት ነው፤ ሁለቱም የመዥገርን እጭ እንደሚገድሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ታይሞልን ንብ አናቢዎች ቀፎ ውስጥ አስገብተው ቫሮዋ የተባለውን የንብ ጥገኛ ይገድሉበታል፤ ቫሮዋ የመዥገር የሩቅ ዘመድ ነው። ችግሩ ዘይቱ በሰዓታት ውስጥ መትነኑ ነው፤ ላም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትግጣለች። ቆዳ ላይ የሚቆይ፣ ወተት የማያሸት፣ ገበሬ በአቅሙ የሚገዛው ቅባት ለመሥራት ገንዘብና ጊዜ ቢፈስ አይቆጨኝም።

እስከዚያው አክስቴ በየማለዳው ከማለባቸው በፊት ቦራን አቁመው መዥገሩን በጣታቸው እየነቀሉ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥባሉ። የቀሩት ሦስት ጡቶች ደህና ናቸው።