ዝምታ በክንድ ሲለካ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረታችንን እንግሊዝ አገር ያለ የአየር ጠመንጃ ወዳጅ ቢሰማው ደስታው ወሰን አይኖረውም። የማይነቅዝ ነገር እንደ ልብ ይከማቻላ! እሱም እያከማቸ ነው፤ በጥቁር ቱቦ፣ በስንዝር፣ በስንዝር ተኩል፣ ሲብስበትም በክንድ።

ቱቦው የድምፅ ማፈኛ ነው። የነገሩ ሰዎች ሞደሬተር ይሉታል፤ ፊልም የለመደ ሰው ደግሞ ሳይለንሰር። እንግሊዝ ውስጥ ጉልበቱ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ጁል ገደማ የማያልፍ የአየር ጠመንጃ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ይሸጣል፤ ማፈኛውም እንደዚያው። ጎረቤቷ ስኮትላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ ለጠመንጃው ፈቃድ ትጠይቃለች። እንግሊዛዊው እንግዲህ ከመንግሥት ጋር ብዙ ጣጣ የለበትም። ጣጣው ከአጥሩ ማዶ ነው። በገዛ ጓሮው ዒላማ ቢመታ ሕጉ አይነካውም፤ የተኮሳት እርሳስ ከግቢው እንዳትወጣ ብቻ ይጠንቀቅ። ድምፁ ግን አጥር አያውቅም። የዚህ መፍትሔ በሩን አንኳኩቶ «ዛሬ ጥቂት ልተኩስ ነበር፣ ይረብሽዎት ይሆን?» ማለት ነበር። ያ ግን መነጋገር ሊያስከትል ነው። ስለዚህ ሱቅ ይሄዳል።

ሱቅ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ትልቁ የቱ ነው?» ጠመንጃው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን አያነሳም። የአየር ጠመንጃ ደግሞ ወገን አለው። አንደኛው አስቀድሞ በሲሊንደር በታመቀ አየር የሚሠራው ነው። ቃታው ሲሳብ አየሩ እርሳሷን ገፍቶ አፈሙዙ ላይ ይፈነዳል። ማፈኛ የሚጠቅመው ለዚህኛው ነው፤ አየሩን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞረና እያበረደ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ባለ 4.5 ሚሊ ሜትሯ እርሳስ በዚህ ጉልበት በሴኮንድ 240 ሜትር ገደማ ነው የምትበረው፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነች በመንገዷ ላይ እንደ ጅራፍ አትጮህም። የአፈሙዙ ጩኸት ከታፈነ፣ ከጠመንጃው በኩል የሚቀረው እምብዛም ነው።

ሁለተኛው በሞላ የሚሠራው ነው። የእሱ ጩኸት አፈሙዙ ጋ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ነው፤ ፒስቶኑ ሲላተም፣ ሞላው ሲርገበገብ፣ ያውም ከተኳሹ ጉንጭ ሥር። አፍንጫው ላይ ክንድ ሙሉ ቱቦ ቢተከልለት ሞላው ምን ገዶት! በርሜሉን አጥፎ የሚያቀባብለው ባለቤት ግን አያፍርም፤ ቱቦውን ጨብጦ ቁልቁል እየሳበ «ቢያንስ ጥሩ እጀታ ሆኖኛል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ርዝመቱ ያግዘዋል። የእጀታ ውድ ገዛ እንጂ።

የመጠን ነገር ሲነሳ ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከ12 ፉት ፓውንድ የማያልፍ ጠመንጃ በአንድ ተኩስ የሚለቀው አየር ጥቂት ነው። ስንዝር የማትሞላ ቱቦ አብዛኛውን ሥራ ትጨርሰዋለች፤ ከዚያ በላይ የሚቀጠለው ለጆሮ ጥቂት፣ ለክንድ ብዙ ይጨምራል። አፈሙዙ ይከብዳል፣ ጠመንጃው ወደ ፊት ይደፋል። ቁጥቋጦ ውስጥ እንዳያስቸግረው ብሎ ባለ አጭር በርሜሉን መርጦ የገዛ ሰው ረጅም ቱቦ ገጥሞበት ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው፤ አሳጥሮ ገዝቶ፣ አስረዝሞ ይሸከማል።

ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነው። ቱቦው የሚታሰርበት የአፈሙዙ ጥርስ በአብዛኛው ግማሽ ኢንች ስፋት አለው፤ በኢንች 20 ጥርስ። መግጠሙ ብቻ ግን አይበቃም። ለ4.5 ሚሊ ሜትር የተቦረቦረ ቱቦ በ5.5 ጠመንጃ ላይ ከታሰረ እርሳሷ ግድግዳውን እየበሳች ትወጣለች። የ5.5ቱን በ4.5ቱ ላይ ማሰር ግን ይቻላል። ጥርሱ በጥቂቱ ከተዛነፈም ቱቦው በረዘመ ቁጥር መዛነፉ ጫፉ ላይ ይሰፋል፤ እርሳሷ ጠርዙን ልሳ ታልፍና ዒላማዋን ትስታለች። ሰውየው ግን ቱቦውን አይጠረጥርም፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ያስተካክላል፣ እርሳሱን ይቀይራል፣ ነፋሱን ይረግማል።

ነገሩ ከመነሻው ቤተሰባዊ ቀልድ አለበት። የመትረየሱ ፈልሳፊ ሂራም ማክሲም በተኩስ ብዛት ጆሯቸው ደነቆረ፤ ልጃቸው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አገኘ። አባት ያጠፋውን ጆሮ ልጅ ሊያድን ተነሣ። በኋላም ኩባንያው ለሞተር ማፈኛ ሠርቷል፤ የእኛ መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጓሮው እንግባ። ሰውየው ባለ ሲሊንደሩን ጠመንጃ በትልቁ ቱቦ አስጊጦ ተደፍቷል። ቃታውን ይስባል። «ፕስ!» ይላል። ፊቱ በኩራት ይበራል። ወዲያው ከጓሮው ጫፍ፣ እርሳሷን እንዲቀበል ከተቀመጠው የብረት ሣጥን፣ «ቋ!» ይመጣል። እሱ ይህን አይሰማም፤ ጆሮው ያለው ቱቦው ላይ ነው። ሣጥኑ የተጠጋው ደግሞ ወደ ጎረቤት መስኮት ነው። አሮጊት ጎረቤቱ ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ምን እየቀጠቀጥክ ነው?» አሉት። ተኩስ መሆኑን እንኳ አላወቁም። እሱ ግን ደስ ብሎት የቱቦውን ርዝመት፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ ዋጋውን፣ የገዛበትን ቀን ሳይቀር በአጥሩ ላይ ሲተርክላቸው አመሸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ስለዚህ ዝምታ የሚገዛ ሰው ቱቦ ከመለካቱ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚወጣ ይጠይቅ። ከአፈሙዝ ከሆነ ስንዝር የማትሞላው ቱቦ አለችለት። ከሞላ ከሆነ ወፍራም ግሪስ ያረግበዋል። ከብረት ሣጥኑ ከሆነ አሸዋ ይሙላበት። ከባለቤቱ አፍ ከሆነ ግን ለዚያ ልክ የሚሆን ጥርስ ያለው ማፈኛ እስካሁን ገበያ አልወጣም።