ስንት ቢያጆ ይበቃል?

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው ግቢዬን አበባ ላልብሰው ማለቱ ከተሰማ፣ ስለ አበባው የሚጠይቀው የለም። «አፈር ስንት አስጫንክ?» ነው የሚባለው። መልሱ ምንም ይሁን ምን ፍርዱ ከሁለት አንዱ ነው። ግማሹ ሰው «አይበቃህም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ደግሞ አፈር ይገዛል እንዴ? ፋሲል መዋኛ ያሉትን ዛፎች አላየህም? ሥራቸውን ግንብ ላይ ጠምጥመው ስንት ዘመን ኖሩ!» ብሎ ያሳፍረዋል። ግንብ ላይ የበቀለው ዋርካ እንጂ ቆስጣ እንዳልሆነ ለማስረዳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ጭቅጭቁ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንቡን ያቆሙበት ድንጋይ ወንድምና እኅቱ ዛሬም በየጓሯችን ተኝቷል። ቁስቋም ዳገት ላይ ዶማ የሰነዘረ ሰው ብዙ ሳይቆፍር ጭንጫ ያገኛል። ወደ አዘዞ ሜዳ የወረደውን ደግሞ ዋልካ ይጠብቀዋል፤ በበጋ ተሰንጥቆ እግር የሚውጥ፣ በክረምት ጫማ አስቀርቶ ባለቤቱን በካልሲ የሚሸኝ አፈር ነው። በሁለቱ መካከል የምንኖር ሰዎች ዕጣችን አፈር መግዛት ሆነ። ከተማው የኮሪደር ልማት ውስጥ ገብቶ የመንገዱ ዳር ሣርና አበባ ሲለብስ ደግሞ፣ በየግቢው ያለው ሰው ሁሉ ቅናት ቢጤ ያዘው።

ከተያዙት አንዷ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። ቦታቸው ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር ነው። ሜትሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ምን ያህል አፈር እንደሚበቃ ለመወሰን ግን ሰፈሩ ተሰበሰበ። ወንድማቸው «አንድ የአህያ ጋሪ ይበቃል» አሉ። የሲኖ ሾፌሩ «እትዬ፣ አፈር ስሆን ከአንድ ሲኖ በታች አልጭንም፤ የተረፈውን ለጎረቤት ይስጡ» አለ። ጎረቤቱ እኔ ስለሆንኩ አቋሙን አልተቃወምኩም። በኋላ ሳሰላው፣ 16 ሜትር ኩቡን ሲኖ እዚያች ቦታ ላይ ቢገለብጠው አፈሩ ከጉልበት በላይ ይቆማል። እትዬ ጽጌረዳቸውን ለማየት መሰላል ሊያስፈልጋቸው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሸንጎ ውስጥ አንድ ቁም ነገር የጠየቀው በቀን ሥራ ባሬላ ሊሸከም የመጣ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ውፍረቱስ?» አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። ርዝመትና ስፋት ላይ ስንጨቃጨቅ ስለ ውፍረቱ ያሰበ አልነበረም። ልጁ አልጠበቀንም። «ለሣርና ለአበባ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ጎመንና ካሮት ከሆነ ግን ከስንዝር ማለፍ አለበት» ብሎ፣ ሲሚንቶ ሲቦካ አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበትን የእንጨት ሳጥን ከግንብ ሥር ጎትቶ አመጣ። ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 25 ሳጥን አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። 6 በ4 በ0.15 ሲባዛ 3.6 ሜትር ኩብ ይመጣል። ዝናብ ሲወርድበትና እግር ሲረግጠው ስለሚሰጥም አንድ አምስተኛ ይጨመርበታል፤ 4.3 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በሳጥን 108 ማለት ነው፤ በክብደት ደግሞ 50 ኩንታል ያልፋል። ወንድማቸው ይህን ሁሉ በአንድ ጋሪ ለመጫን ያሰቡባት አህያ ብትሰማ ኖሮ፣ በዚያው ወደ ደንቢያ ትሰደድ ነበር።

ወሬው ግን እዚህ አላለቀም። እትዬ ሾፌሩን «ለመሆኑ አፈሩን ከየት ነው የምታመጣው?» አሉት። «ከግንባታ ቦታ ነዋ! ቤት ሊሠሩ የጠረጉትን ነው» አላቸው። እትዬ ፊታቸው ተለወጠ። የራሳቸው ቤት ሲሠራ ተቋራጩ ያስፈረማቸው የሥራ ዝርዝር ትዝ ብሏቸው ነው። ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአገራችን የሥራ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው «የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ጠርጎ ከቦታው ማስወገድ» የሚል ነው። መሠረት ለም አፈር ላይ አይቆምምና ጠረጋው ትክክል ነው። ነገሩ የሚበላሸው «ማስወገድ» ላይ ነው። 200 ካሬ ሜትር ቦታ በ20 ሳንቲ ሜትር ሲጠረግ 40 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ለእትዬ አበባ ከሚያስፈልገው ዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው። አስቆፍረው ከፈሉ፣ አስጭነው ከፈሉ፣ አሁን ደግሞ መልሰው ሊገዙት ነው። «እንግዲያው የራሴን አፈር ነዋ የምትሸጥልኝ!» ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ «የእርስዎ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ። እውነቱን ነው፤ አፈር ካርታና ፕላን ይዞ አይጓዝም።

አፈር በሲኖ ብቻ አይሄድም። በእግሩም ይሄዳል። የሚጓዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከጎንደር ዳገቶች የታጠበው በቀሃና በአንገረብ ወርዶ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ለጣና ያስረክባል። ከፊሉ ደግሞ መንገድ ላይ አንገረብ ግድብ ውስጥ ያርፋል። ደለሉ ከተማው የሚጠጣውን ውኃ ቦታ እያጣበበ፣ እኛ ከላይ ሆነን አፈር በቢያጆ እንፈልጋለን።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሠሩትና የጂንባርን ሸለቆ የአፈር መሸርሸር ያጠኑት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ፣ በኋላ ለኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት ያወጡት ግምት አለ። በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ቁጥሩ ለእኛ ለጓሮ ሰዎች ሩቅ ስለሚመስል ወደ እትዬ ቦታ አወረድኩት። ያችን የምታህል 24 ካሬ ሜትር የእርሻ ቁራጭ በዓመት አንድ ኩንታል አፈር ታጣለች። ኩንታል ጤፍ ከቤታችን ቢጠፋ ፖሊስ እንጠራለን። የአፈሩን ኩንታል ግን የሚቆጥረው ወገራና ዳባት ተዳፋት ላይ ድንጋይ እየደረደረ እርከን የሚሠራው ገበሬ ነው። ስንት እንደሚመጣለት አይገምትም፤ የሚመጣለት የለምና። ሐሳቡ ያለው ስንት ቀረልኝ ላይ ነው።

እትዬ በመጨረሻ ከሾፌሩ ጋር ታረቁ፤ ሲኖውን ከሦስት ጎረቤት ጋር ተካፈሉ። ልጁ ግን አፈሩ ከመምጣቱ በፊት በቁልቁለቱ በኩል አንድ ረድፍ ድንጋይ አስደረደራቸው። «ካልሆነ ዘንድሮ ገዝተው ለጣና ነው የሚልኩት» አላቸው።

እናንተም ቤት ልታሠሩ አስባችሁ ከሆነ፣ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት «ማስወገድ» የሚለውን አሰርዙና «ግቢው ጥግ መከመር» አስብሉት። ክምሩን ከሰው ቁመት አታሳልፉት፤ ዝናብ እንዳያጥበው ሸራ ነገር አልብሱት። ቤቱ ቀድሞ የተሠራባችሁ ደግሞ ሾፌር ከመጥራታችሁ በፊት መሬቱን ሦስት አራት ቦታ በዶማ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ያለውን ውፍረት እዩ፤ የምትገዙት የጎደለውን ብቻ ነው። ከዚያም በቢያጆ ሳይሆን በሜትር ኩብ ተዋዋሉ። ሾፌሩ ቅር ቢለው ምንም አይደለም፤ ግማሹ ሰውም «አይበቃህም» ማለቱን አይተውም።