ቲቸር፣ ኮድ መጣልኝ

«ቲቸር፣ አምስት ቁጥር በቴሌግራም መጣልኝ። ጓደኛዬ ‹በስህተት ነው ላክልኝ› አለኝ፤ ልላክለት?» ከግቢ በር ላይ ያስቆመኝ ይህ ልጅ፣ ጠዋት «ኮድ ለማንም አይሰጥም» ብዬ ስጽፍ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ የገለበጠ ነው። «እንዳትልክ!» አልኩት። «ልኬዋለሁ እኮ» አለኝ። የጓደኛው አካውንት ቀድሞ ተጠልፎ ኖሯል። ማታውን በልጁ ስም ለአክስቶቹ ሁሉ «ሆስፒታል ነኝ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ደረሳቸው፤ አንዷ ላከች። በነጋታው የተወቀሰው ማን ነው? የኮምፒውተር መምህሩ ነዋ!

እኔ የማስተምረው በጠመኔ ነው። ላብ አለን፤ ግማሹ ኮምፒውተር አይነሳም፣ የተነሳውን መብራት ይጥለዋል። ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ የቴሌግራምን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የማሳየው ሰሌዳ ላይ ስልክ ስዬ ነው። ሥዕል ደግሞ አልችልም፤ አንዱ «ቲቸር፣ ሬዲዮ ነው?» ብሎኛል።

የፈተና ሰሞን ሲመጣማ አይነሳ! «የ12ኛ ክፍል መልስ አለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ቻናል ይፈላል። ሌቦች ናቸው ስላቸው «በ2008 ወጥቶ አልነበር?» ይሉኛል። ያኔ ፈተናው ሾልኮ መሰረዙ እውነት ነው፤ ግን ይህን የሚነግረኝ በዚያን ጊዜ ፊደል ይቆጥር የነበረ ልጅ ነው።

ለነገሩ በልጆቹ ምን እፈርዳለሁ? «የሚስጥር ቁጥራችሁን ለእናታችሁም አትንገሩ» እላለሁ፤ ቤት ሲገቡ አባት ሱቅ በር ላይ ቆሞ የቴሌብሩን ስድስት ቁጥር ሰፈር እስኪሰማ እየጮኸ «ክፈልልኝ» ይላቸዋል። ትምህርት ቤቱስ ቢሆን? የተማሪ ውጤት ከነሙሉ ስሙ፣ ከነወላጁ ስልክ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል ብዬ ነበር። «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ተባልኩ፤ የክፍሌን የወላጆች ዝርዝርም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ግሩፕ ላይ እንድለቅ ታዘዝኩ። ለቀቅኩ። ምን ላድርግ?

ያ ልጅ ትናንት ፈገግ ብሎ መጣ። አዲስ አካውንት ከፍቷል፤ ያስተማርኩትን ሁለተኛውን ፓስወርድም አስገብቷል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ እንዳልረሳው እርስዎ ይያዙልኝ።»