የጃርት ጋሪ

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባቢሌ ላይ፣ ብዙ እንስሳት ይኖሩ ነበር። ለውዝ ያመርታሉ፤ ሰኞና ሐሙስ ገበያ ይወጣሉ፤ የተረፋቸውን በጋሪ ጭነው ጅጅጋ ወስደው ይሸጣሉ። ጋሪዎቹን የሚነዱት ዝንጀሮዎች ነበሩ። ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ጫት ሲቅሙ ያድሩና ጎህ ሲቀድ መሪ ይጨብጣሉ። ምርቃናው ሲለቃቸው፣ ዳካታ ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ ድንጋይን ተሸክሞ ከቆመበት ጠምዛዛ መንገድ ሲደርሱ፣ እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

በየሳምንቱ አንድ ፍየል ወይም አንድ አህያ ይሞታል። ለቀስተኛውም «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። በማግስቱ ለዚያው ዝንጀሮ ሒሳብ ከፍሎ ይሳፈራል።

በዚያ አገር አንድ ባለእጅ ጃርት ነበር። ከጉድጓዱ ሳይወጣ ብዙ ከረመና ያለ ነጂ የሚሄድ ጋሪ ሠራ። ጋሪው ከፊትም ከኋላም ከጎንም ዓይን ነበረው፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ነበረች። ጃርት ድንጋይቱ ላይ የጻፈውን ሁሉ ጋሪው ይፈጽማል።

ሐሙስ ቀን ለውዝ ጭኖ ገበያው መሐል ለቀቀው። ኤሊ መንገድ ልታቋርጥ ገባች፤ ጋሪው ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ኤሊ አንድ እግሯን አነሳች፤ አረፍ አለች፤ ሌላውን አነሳች። ጋሪው ንቅንቅ አላለም። ተሻግራ ስትጨርስ መንገዱን ቀጠለ። ገበያው በእልልታ ቀለጠ።

ከሩቅ አገር የመጣው ሽመላ ዛፍ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። «ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ የባሕር ወፍ እንደ ነገረኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ፊኒክስ በምትባል ከተማ ከፈረንጆች 2020 ጀምሮ ሹፌር የሌለው ታክሲ ሕዝብ ያመላልሳል» አላቸው።

«ማን ደፍሮ ይሳፈርበታል?» አሉት።

«አንዱ ደስ ብሎት ይሳፈራል፤ ሌላው ቢገድሉኝ አልገባም ይላል» አለ ሽመላ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሪው አንዲት እናት ዶሮ ገጭቶ ገደለ። ባቢሌ ታመሰች። «ነፍስ የሌለው ነገር ነፍስ አጠፋ!» ተባለ። በዚያው ሳምንት ዝንጀሮዎቹ ሦስት ፍየልና አንድ አህያ ገድለው ነበር፤ እነሱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የዶሮዋ ለቅሶ ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ በፈረንጆች 1970 ለዝሆኖች ከተከለለው መጠለያ፣ ከኤረር ሸለቆ፣ ለዳኝነት ወደተጠራው ዝሆን ቀረበ። ጃርትም ቆሞ ተናገረ፦ «ጌታዬ፣ ከጋሪው ፊት አምስት ጫጩቶች ነበሩ። በአንድ በኩል እናትየዋ፣ በሌላው በኩል ገደል። ጋሪው ውስጥ ደግሞ ቀበሮ ተሳፍራለች። ከአምስቱ አንዷ ትሙት ብሎ ዞረ። ከእንግዲህ ድንጋይቱ ላይ ምን ልጻፍ? ሸንጎው ይወስን።»

ሸንጎው መከረ። «ብዙውን ያድን! አስፈላጊ ከሆነ ተሳፋሪው ራሱ ገደል ይግባ!» አሉ በአንድ ድምፅ። የተቃወመ አልነበረም።

ጃርት ይህን ቃል በነጭ ድንጋይ ላይ ጻፈ።

በዚያው ሌሊት የጃርት የጓሮ በር ተንኳኳ። ግመል ነበር።

«አቦ ጃርት፣ ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ ለሌላው ሽጥለት። በእኔ ጋሪ የምሳፈረው ግን እኔ ነኝ። የሚመጣው ይምጣ፣ እኔን እንዲያድን አድርገህ ጻፍልኝ።»

ግመል ሲወጣ ፍየል ገባች፤ ፍየል ስትወጣ አህያ ገባ። የለመኑት ይህንኑ ነበር። ሊነጋ ሲል የሟቿ ባል አውራ ዶሮ መጣ። «ከእንግዲህ እኔም ተሳፋሪ ነኝ» አለ።

ዝሆን ይህን ሰማና «ነጭ ድንጋይ የሌለው ጋሪ በመንገዴ አይሂድ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጃርት ጋሪዎቹን ደርድሮ ዋለ፤ ዋጋ የጠየቀ እንኳ አልነበረም። ሁሉም ተመልሶ ከዝንጀሮዎቹ ጋር ተሳፈረ። በዚያ ሳምንት ዳካታ ላይ አንድ ጋሪ ሙሉ ሕዝብ አለቀ። ለቀስተኛውም «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ።

የጃርት ልጆች ጦማቸውን አደሩ። ሸንጎውም ለዝሆን አማላጅ ላከና አዋጁን አስነሣ። ጃርት ጥቁር ድንጋይ አመጣና «ተሳፋሪህን አድን» ብሎ ጻፈበት። ሐሙስ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጋሪው ሁሉ ተሽጦ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ባለጋሪዎቹ ወደ ጅጅጋ ተነሡ። ልጆቻቸው ግን በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ዳካታ ላይ መንገዱ ሲጠብ የግመል ጋሪ ግመልን አዳነና የፍየልን ግልገል ገጨ። የፍየል ጋሪ ፍየልን አዳነና የአህያን ውርንጭላ ገጨ። የአህያ ጋሪ አህያን አዳነና የግመልን ግልገል ገጨ። ከተሳፋሪዎቹ አንድ እንኳ አልተጫረም።

ለቅሶው ሳይነሣ ሸንጎው እንደገና ተሰበሰበ። ዝሆን «ምን ይሻላል?» ሲል ጠየቀ።

«ብዙውን ያድን!» አሉ ሁሉም። አሁንም የተቃወመ አልነበረም።

ሽመላ ለመንገዱ ክንፉን ሲያራግብ ተናገረ፦ «በፈረንጆች 2016 ሳይንስ በሚባል መጽሔት የወጣ ጥናት ሰዎችን ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ብዙ ነፍስ የሚያድነውን መኪና አመሰገኑ፤ ሌላው ቢገዛው ወደዱ። ለራሳቸው ግን ተሳፋሪውን የሚያድነውን መረጡ። ሕግ ያስገድድ ሲባልም አልፈለጉም።»

በዚያ ሌሊት ከጃርት የጓሮ በር የተነሣው ሰልፍ ገበያው ድረስ ደረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጃርት የሸጠው ጋሪ ብዙ ነው፤ በሸንጎ የተመሰገነውን ነጭ ድንጋይ የገዛ ግን የለም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።