ከወርድ ፋይል ፎቶ ሲወጣ እንዴት ይበላሻል?

የጭልሞ ደን ሪፖርት ደርሶዎታል እንበል። ጊንጪ አጠገብ ያለው፣ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅልበት፣ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር የሚጠብቀው ደን ነው። ባለሙያው ጫካ ለጫካ ሲዞር ውሎ ያነሣቸውን ፎቶዎች እንደ አገራችን ደንብ ወርድ ላይ ለጥፎ ልኳል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ለካላንደር «ፎቶዎቹን ለብቻ ላኩልን» እያለ ነው። አይቸኩሉ።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልክዎ ያንሡ። መብራቱን አያጥፉ፤ ዝግባው መሐል የራስዎ ግንባር ቢያበራ ለደኑ ሞገስ ነው። ስክሪንሾት ከመረጡም ገጹን አሳንሰው ይሁን፤ ፎቶው የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው የሚያገኙት ስክሪኑ ላይ የታየውን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በቴሌግራም ይላኩት፣ በፋይል ሳይሆን በፎቶ መልክ። እሱም በበኩሉ ይጨምቀዋል። አሁንም ዛፍ ዛፍ የሚመስል ከሆነ አምቦ ከተማ ገብተው ቀለሙ ያለቀበት ፕሪንተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይፈልጉ፤ አሳትመው መልሰው ስካን ያስደርጉት። ማሽኑ እስኪሞቅ አንድ አምቦ ውሃ ይጠጡ።

አደራ የምልዎ ግን የፋይሉን ስም እንዳይነኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው የወርድ ፋይል፣ ስሙ በ«ዶክኤክስ» የሚያልቀው፣ ውስጡ ሲታይ ዚፕ ነው። አንድ ቀልጣፋ ልጅ ኮፒ አድርጎ መጨረሻውን ወደ «ዚፕ» ከለወጠው «ወርድ» የሚባል ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «ሚዲያ» የሚባል ያገኛል። ፎቶዎቹ እዚያ ተራ ቁጥር ይዘው ተደርድረዋል። ሥራው ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ታዲያ ለሦስት ቀን የተያዘው አበል ምን ይሁን?

ከአበሉ የባሰም አለ። ችግኝ ሲተክሉ የተነሡት የቀድሞ ኃላፊ ከወንበራቸው ሲነሡ ከፎቶውም በ«ክሮፕ» ተነሥተዋል። ወርድ ግን የተቆረጠውን ይሸፍናል እንጂ አይጥልም፤ የተቆረጠውን ሰርዝ ተብሎ ካልታዘዘ ሙሉው ፎቶ እንዳለ ይቀመጣል። «ሚዲያ»ን ሲከፍቱ ሰውዬው አካፋቸውን ይዘው ከአዲሱ ኃላፊ ጎን ቆመዋል። ካላንደሩ ላይ ከወጡ ማን ያስረዳል?

ፋይሉ የድሮው «ዶክ» ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ስሙን ቢቀይሩትም ዚፕ አይሆንም። «ሴቭ አዝ» ብሎ ወደ አዲሱ ዓይነት የሚለውጥ ሰው እንዳይጠጋዎ ብቻ ይጠብቁ።

ለከርሞው ግን ጥፋቱን ከምንጩ ይጀምሩ። ብዙዎቹ የወርድ ቅጂዎች ሴቭ ሲደረግ ፎቶውን በሚታይበት መጠን ልክ፣ በኢንች ወደ 220 ነጥብ ያወርዱታል። ስለዚህ ባለሙያው የጭልሞን ጽድ ቴምብር አሳክሎ ለጥፎ ሴቭ ያድርግ፤ ካሜራው ላይ የቀረውንም ለቦታ ብሎ ያጥፋው። ያን ጊዜ ቀልጣፋው ልጅ «ሚዲያ»ን ቢከፍት የሚያገኘው ቴምብር ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲደውል «ኔትወርክ ነው» ይበሉ።